ጎጃም ውስጥ «ጨዋ» የሚባለው ማነው? ከ«ኖብል ጋዝ» የተነሣ ወሬ

የማርቆስ ኬሚስት (ደብረ ማርቆስ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የፔሪዮዲክ ቴብል የመጨረሻዋ ዓምድ ላይ ያሉትን፣ ሂሊየም፣ ኒዮን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶን፣ ዜኖን፣ ሬዶንን «ኖብል ጋዝ» እያልን ስናስተምር ኖረናል። ተማሪው ይጽፋል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ያልፋል። ዘንድሮ አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ኖብል በአማርኛ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ክቡር» ብዬ ላልፍ ስል ከኋላ ወንበር አንዱ «ክቡር ጋዝ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው።

ነገሩን መምህራን ማረፊያ ወስጄ ብጥለው ጭራሽ ባሰ። እኔ «ጨዋ ጋዝ» ብንልስ አልኩ። እነዚህ ጋዞች ከማንም ጋር አይነካኩም፤ የውጪው ምህዋራቸው ሙሉ ስለሆነ ኤሌክትሮን አይበደሩም፣ አያበድሩም። ጭምቶች ናቸው። የብቸናው ባልደረባዬ «ጨዋ የሚባለው በጠባዩ ነው፣ ጋዝ ደግሞ ምን ጠባይ አለው?» አለ። የዳሞቱ «የለም፣ ጨዋ የሚባለው በአባቱ ነው» አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ እነሱ አልቀዘቀዙም።

እስቲ እናንተስ በየሰፈራችሁ ማንን ነው ጨዋ የምትሉት? የመጽሐፉን ተዉትና ቤት ውስጥና ገበያ ላይ የሚባለውን ንገሩኝ።

ቡሬ በር (ቡሬ)

መምህር፣ ይሄማ ቀላል ነው። ኖብል ከኖቤል ሽልማት የመጣ ነው። ሽልማቱ የተከበረ ስለሆነ የተከበረ ነገር ሁሉ ኖብል ተባለ። ቀጣይ ጥያቄ።

የማርቆስ ኬሚስት

አይደለም ወንድምዓለም። ኖቤል የሰው ስም ነው፤ ዲናማይትን የፈለሰፈው ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል። ኖብል ግን ከላቲን የመጣ ነው። «ማወቅ» ከሚለው ሥር ወጥቶ መጀመሪያ «የታወቀ፣ ስሙ የተሰማ» ማለት ነበር፤ ሮማውያን ከዘሩ ቆንስል (የሮማ ከፍተኛ ሹም) የተሾመለትን ቤተሰብ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። እኛ «ስመ ጥር» የምንለው ሳይቀርበው አይቀርም። ወርቅና ፕላቲነምም ስለማይዝጉ «ኖብል» ይባላሉ። ወደ ጋዞቹ የተሻገረው በጀርመንኛ በኩል ነው፤ ሁጎ ኤርድማን የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1898 ስሙን አወጣላቸው።

ግጥምጥሞሹ ግን ደስ ይላል። አርጎንን ከሎርድ ሬይሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 ያገኘው ዊልያም ራምዚ በ1904 የኖቤልን ሽልማት የወሰደው በነዚሁ ኖብል ጋዞች ነው። ግማሽ ነጥብ ሰጥቼሃለሁ።

ደላላው (ባሕር ዳር)

ጨዋ የመጣው ከጨው ነው። ጨው የሌለው ወጥ እንደማይበላ ጨዋነት የሌለው ሰውም አይቀረብም። ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?

በሥራዬ ቀኑን ሙሉ የምሰማው ቃል ነው። አከራይ ሁሉ ደውሎ «ጨዋ ተከራይ አምጣልኝ» ይላል። «ጨዋ ሲሉ ምን ዓይነት?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ አይደለም። አንዷ «እንግዳ የማያበዛ» አለችኝ። አንዱ «ውሃ የማያባክን» አለ። አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነው?» አለኝ። ተከራዩም በተራው «አከራዮቹ ጨዋ ናቸው?» ይለኛል፤ እሱ ማለት የፈለገው በየጊዜው ኪራይ አይጨምሩም ወይ ነው። ሁሉም ጨዋ ይፈልጋል፣ ሁሉም የሚፈልገው ለየቅል ነው። እኔ ኮሚሽኔን ይዤ ዞር እላለሁ።

የጎንጅ ቆሎ ተማሪ (ጎንጅ)

ደላላው፣ ጨውህን ወደ ጓዳ መልስ። በግዕዝ ጨው «ጼው» ነው፣ በጸሎቱ ጸ። «ጨዋ»ን ሊቃውንቱ የሚያያይዙት «ፄዋ» ከሚለው ጋር ነው፣ በፀሐዩ ፀ። ዛሬ ሁለቱን ፊደል እያምታታን ስለምንጽፍ አንድ መሰሉን እንጂ ዘራቸው የተለያየ ነው። ፄዋ ምርኮ ነው። ዳዊት ስንደግም «ፄዋ ጽዮን» የምንለው የጽዮንን ምርኮ ነው።

ታዲያ ምርኮኛ እንዴት አድርጎ የተከበረ ሰው ሆነ ትሉኛላችሁ። የሚባለው እንዲህ ነው፤ ነገሥታቱ በዘመቻ የማረኩትን እያደራጁ ጭፍራ ያደርጉት ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ «ጨዋ» የንጉሡ ጭፍራ መጠሪያ ሆኖ በየአውራጃው ሰፍሮ እናገኘዋለን። ጭፍራው መሬት ተሰጠው፤ መሬቱ ስም ሰጠው፤ ልጁ የጨዋ ልጅ ተባለ። የልጅ ልጁ ደግሞ አያቱ እጁን ታስሮ ይምጣ፣ ፈረስ ጭኖ ይምጣ መጠየቁን ተወው።

እኛ ቆሎ ተማሪዎች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ነው። በቤተ ክርስቲያን ጨዋ ማለት ካህን ያልሆነ፣ ያልተማረ ነው። «ካህኑም ጨዋውም» ሲባል ሰምታችኋል። ጎንጅም ይሁን ዋሸራ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ያውቀዋል፤ ቅኔ ሲነግር ቤቱ የጎደለበት ተማሪ «አይ ጨዋ!» ሲባል ከዱላ ይከፋበታል።

አንድ ቀልድ አለ። እናት ልጇን የኔታ ዘንድ ሰዳ በዓመቱ ጠላ አሸክማ ልትጠይቀው መጣች። «የኔታ፣ ልጄ እንዴት ሆነልኝ?» «ልጅሽማ ጨዋ ነው» አሏት። እልል አለች። ጠላውን አስቀድታ፣ ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ተመለሰች። የኔታ በአፋቸው ልጇን ጨዋ እንዳሉላት አገር ሰማ። ልጁ ገና ፊደል አልለየም ነበር።

ደላላው

እና ከዛሬ ጀምሮ «ጨዋ ተከራይ» ሲሉኝ ምርኮኛ ላምጣ ወይስ መሃይም?

አያ ዳሞቴ (ደጋ ዳሞት)

ልጆች፣ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ይጽፋል፤ ፊደል ቢገደፍ በሱ ይሁን።

«ባላባት» ሲባል ከተሜው ካባ ደርቦ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስለዋል። ቃሉ ራሱ «ባለ አባት» ነው። አባት ያለው፣ አባቱን ቆጥሮ የሚያውቅ። እኛ አገር ርስት የሚገኘው መሬቱን ካቀናው ከዋናው አባት ጀምሮ ነበር፤ በአባትም በእናትም ተቆጥሮ ይደረስበታል። ስለዚህ ገበሬው ሁሉ ይቆጥራል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌ ፊት ቆሞ «እኔ የእገሌ፣ እገሌ የእገሌ» እያለ እስከ ዋናው አባት መውጣት ያቃተው ሰው እርሻው ይቀርበት ነበር። ሌሊት እሳት ዳር አባቴ ሲያስቆጥረኝ እንቅልፍ ካዳፋኝ በጭራሮ ጉልበቴን መታ ያደርገኝ ነበር፣ ከእናቴ ወገን ጀምር ይለኛል፤ የናቴ ወገን መሬቱ ለም ነበረና። አጥንት መቁጠር የምትሉት ለጉራ ብቻ አልነበረም፣ ለእንጀራ ነው።

ጉልት ሌላ ነው። ጉልት ገዥው ግብሩን ይበላል እንጂ አፈሩ የርስተኛው ነው። መኳንንቱ ጉልት ቢበሉ እኛም ባለ ርስት ነን፣ ባለ አባት ነን እንል ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብሩ ሰበብ ሞጣ፣ ብቸና፣ ዳሞት የተነሣው ለዚህ ነው። ብሩ ከብዶ ብቻ አይምሰላችሁ፤ መሬቱ ሊለካ ነው፣ ቆጥረን ያገኘነው ርስት ሊሄድ ነው ብለን ነው።

መኳንንትነት ደግሞ የሹመት ነው። ትናንት ያልነበረው ዛሬ ይሾማል፣ ዛሬ ያለው ነገ ይሻራል። «ሹመት ያዳብር» ብለን የምንመርቀው እኮ እንደማይዳብር ስለምናውቅ ነው። የጎጃሙን ራስ አዳልን ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. አነገሧቸውና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ በ1874 እምባቦ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተማረኩ።

ጨዋ ማነው ካላችሁኝ ግን፣ ርስት ተከራክሮ ተረትቶ፣ በረታው ሰው ቤት ለሰንበቴ ተጠርቶ ሄዶ ጠላ የሚጠጣውን ነው የምለው። ፊቱን ሳያጠቁር። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም። እኔ ራሴ አልጠጣም ነበር።

የጎንጅ ቆሎ ተማሪ

አያ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ንጉሡ ተማረኩ አሉ? እንግዲህ ፄዋ ማለት እሱ ነው። ቃሉ ዞሮ ቤቱ ገባ።

ደርባባ (ፍኖተ ሰላም)

አያ፣ እርስዎ የተናገሩት ስለ ጨዋ ወንድ ነው። ሴቷን እኔ ላውራት።

ወንድ ጨዋ የሚባለው አንድ ነገር አድርጎ ነው፤ አስታርቆ፣ ዕዳ ከፍሎ፣ ተበድሎ ዝም ብሎ። ሴት ጨዋ የምትባለው ምንም ሳታደርግ ነው። ሳትስቅ፣ ሳትመልስ፣ ቀና ብላ ሳታይ። እናቴ እንግዳ ሲመጣ በዓይኗ ነበር የምታዘኝ። አንዴ ገልመጥ ካደረገችኝ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፤ ከደገመችኝ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እንግዳው ሲወጣ በር ላይ ቆሞ «አቤት ጨዋነቷ! አሳድገሻል» ይላታል። አንድ ቃል አልተነፈስኩም እኮ፣ ሰውዬው ስሜን እንኳ አያውቅም። እዚያው ጓዳ በር ላይ ቆሜ እጄ ላይ የቀረውን የቡና ስኒ እያየሁ «እና ብናገር ኖሮስ?» እል ነበር።

ወንድሜ ያኔ ድንጋይ ወርውሮ የጎረቤት ዶሮ ገድሏል። እሱ «ጎበዝ» ነው።

እኔ የምወደው «ደርባባ» የሚለውን ነው፤ ስሜንም ያወጣሁት ለዚያ ነው። ደርባባ ስትባል ረጋ ያለች፣ አነጋገሯ ያማረ፣ እንግዳ ስትቀበል ቤቱ የሚሰፋባት። ይሄ በአባት አይመጣም። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ ሰካራም ሲሳደብ እሷ «አይዞህ ወንድምዓለም፣ ተቀመጥ» ብላ የምታስቀምጥበት ድምፅ አላት፤ ሰውየው ራሱ አፍሮ ይቅርታ ይላል። እሷን ደርባባ ያላልኩ ማንን ልል ነው?

ሌላው የሚገርመኝ «ወይዘሮ» ነው። ድሮ ለነገሥታትና ለመኳንንት ወገን ሴቶች የሚሰጥ ማዕረግ ነበር፤ አሁን ቀበሌ ፎርም ላይ ያገባች ሁሉ ወይዘሮ ናት። «ልጅ» የሚለው የመኳንንት ልጆች ማዕረግ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። አያቴ ግን ዛሬም ሥራ የማትወድ ምራቷን «ወይዘሮይቱ ገና አልተነሡም?» ትላለች። የድሮው ትርጉም ሄዶ ሄዶ ስድብ ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል።

ቡሬ በር

እህትዓለም፣ ስለ ዶሮዋ አዝናለሁ። ወንድምሽን ግን አውቀዋለሁ መሰለኝ።

የዘጌ ቡና (ዘጌ)

ሁላችሁም ዙሪያውን ዞራችሁት፤ እኔ ልግባበት።

እኛ ዘጌ በአያቶቻችን አፍ ጨዋ ማለት አንድ ነገር ነው። ከባሪያ ወገን ያልሆነ፣ ከሸማኔና ከፋቂ ያልተጋባ። ጠባይ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሰካራምም ቢሆን፣ ባለ ዕዳም ቢሆን አጥንቱ ከቆመ ጨዋ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቡናውን ለቅሞ፣ የተጣላውን አስታርቆ፣ ሰው ሳያስቀይም የሚኖር ሰው አለ። ስሙ ሲነሣ «ደግ ሰው ነው፣ ግን...» ይባልና ድምፅ ይወርዳል። ያቺን «ግን» የማያውቅ ጎጃሜ ካለ እጁን ያውጣ። ለቅሶ ይደርሱለታል፣ ቡና አብረውት ይጠጣሉ፣ ልጅ ግን አይሰጡትም። ሸማኔውን በዓይኑ በላ፣ ቡዳ ነው ይሉታል፤ እሱ የሸመነውን ጋቢ ደርበው ጥምቀት ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ ዛሬ የፈጠርኩት አይደለም። ባለ እጁን በሥራው እንዳይሰድቡት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አውጀዋል። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁን የሰማው ጆሮ ሽማግሌ ሲላክ ይደነቁራል።

መምህር፣ ጋዞቼ ከማንም አይጋቡም ነው ያልከው? እንግዲያው ቃሉን በትክክል አግኝተኸዋል፤ በአያቶቼ ቋንቋ ጨዋ ናቸው። እኔ ግን ልጆቹ ደብተር ላይ አታስገባው እልሃለሁ። ክፍልህ ውስጥ ያቺን «ግን» ቤቷ የምትሰማ ልጅ አትጠፋም።

ቡሬ በር

ዘጌ፣ የሞተ ነገር መቆስቆስ ምን ያደርግልናል? አሁን ማን ዘር ይጠይቃል? የዛሬ ልጅ ስልክ ላይ ተዋውቆ ስልክ ላይ ይፋታል።

የዘጌ ቡና

አልሞተም። በቅርቡ ለእህቴ ሽማግሌ መጥቶ «እስከ ሰባት ቤት ይጣራ» ተባለ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው እኮ ዝምድና እንዳይኖር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም የሚለው እሱን ነው። ቆጣሪዎቹ ግን መንገድ ላይ ሌላም ነገር ይለቃቅማሉ። ዝምድና የለም ተብሎ ካበቃ በኋላ «የአያቷ እናት ከየት ነበረች?» የሚል ሰው ተነሣ። ምን እንደፈለገ ሁላችንም ገባን፣ ማንም በስሙ አልጠራውም። ስልክ ላይ ተዋውቀው ነበር እነሱም።

አያ ዳሞቴ

የዘጌው ልጅ ያለው እውነት ነው። ዳሞትም አለ። እኔም ልጆቼን ስድር አጣርቻለሁ፣ አልዋሽም። ሽማግሌ ሆኜ ስላክ ተጠይቄ መልሻለሁ፣ እኔም ጠይቄ ተመልሶልኛል። የማላውቀው ቤት ልጅ አልሰጥም። ልጄ ይህን ሲጽፍ ፊቱን አጨፍግጎብኛል።

(የአያ ልጅ ነኝ። አጨፍግጌያለሁ።)

የማርቆስ ኬሚስት

ዘጌ፣ ነገርህ ገብቶኛል፤ «ጨዋ ጋዝ» ደብተር ላይ አይወጣም። ኖብል እንደ ሂሊየምና እንደ ኒዮን ሁሉ በፊደላችን ይጻፍ፣ ትርጉሙን በቃል አስረዳለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ፣ ደስ ይልህ ይሆናል። እነዚህ ጋዞች ከማንም አይዋሐዱም ተብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲታመን ኖረ። በመጽሐፍ ሁሉ ተጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኒል ባርትሌት የሚባል ኬሚስት ዜኖንን ወስዶ ከፕላቲነምና ከፍሎሪን ውህድ ጋር አገናኘው። ሁለቱም ጋዞች ናቸው፤ አንዱ ቀለም የለውም፣ ሌላው ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሲገናኙ ወዲያው ብርቱካንማ ቢጫ ጠጣር ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የዜኖን ውህድ በየዓይነቱ ተሠርቷል። ዜኖን ሰባት ቤት ሳያስቆጥር ተጋባ ማለት ነው። ቀድሞ «ምንም የማይነካቸው» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ስም ነበራቸው፤ እሱ እየቀረ ኖብል የሚለው ጸና።

ወርቅም ቢሆን እንዲሁ ነው። ናይትሪክ አሲድ ብቻውን አያሟሟውም፤ ሃይድሮክሎሪክም ብቻውን አይችለውም። ሁለቱን አንድ ለሦስት ቀላቅለህ ብታፈስበት ግን ይሟሟል። የዚያ ቅልቅል የላቲን ስሙ ምን መሰላችሁ? «የንጉሥ ውሃ»።

የብቸና ልጅ (ብቸና)

ባላባት የሚያሟሟ የንጉሥ ውሃ! ይህን ውሃ ጎጃም ቀምሶታል። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ልጅ ነበሩ፣ ጎጃምን ለብዙ ዓመት ገዝተዋል፤ በ1924 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሰሯቸውና አገሩ ለራስ እምሩ ተሰጠ።

እስካሁን ዝም ያልኩት አንድ ሰው በላይን ያነሣል ብዬ ነበር። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ሊወጋ ሲሸፍት ማዕረግ አልነበረውም። ተከታዮቹ ራስ እንበልህ፣ ንጉሥ እንበልህ ሲሉት እናቴ ያወጣችልኝ ስም ይበቃኛል፣ ከዚህ በላይ ምን ስም አለ ብሎ መለሰ ይባላል። እሱ ግን ለጓዶቹ ሹመት ያድል ነበር፤ ሰጪ እንጂ ተቀባይ አልሆነም። ከድል በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማች አሉት። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ሰቀሉት።

እኛ አገር ሴቶች በለቅሶ ሲያነሡት «ደጃዝማች» አይሉም። በላይ ይላሉ፣ ወይ አባ ኮስትር። ማዕረጉ ሰጪው ጋ ተመለሰ፣ ስሙ ቀረ። መምህር «የታወቀ፣ ስሙ የተሰማ» ያልከው የላቲኑ ትርጉም ከሁሉም የተሻለ ልክክ የሚለው ለኔ እዚህ ላይ ነው።

አባይ ማዶ (ምሥራቅ ጎጃም)

አጥንት ከተነሣ 1989 አይዘለልም።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ነው ሲል «ባላባት» የሚለው ቃል ከኩራት ወደ ክስ ተዛወረ። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ጊዜ ደግሞ በየቀበሌው «የፊውዳል ቅሪት» እና «ቢሮክራት» የሚል ስም ወጣ። ቢሮክራት ሲባል ቢሮ የነበረው እንዳይመስላችሁ፤ በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበር ላይ አንዲት ወንበር የያዘ ሁሉ ነው። ስሙ የተለጠፈበት መሬቱ ተቀነሰበት፤ የተቀነሰው ለሌለው ተሰጠ።

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ «እኔ የግራዝማች እገሌ የልጅ ልጅ» ሲል የኖረ ሰው ነው። ሠርግ ላይ ሳይናገራት ጠላ አይጠጣም ነበር። ስብሰባው ላይ ዝርዝር ሲነበብ «ኧረ እኔ ማንንም አላውቅ፣ ድኻ እናት ነች ያሳደገችኝ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎረቤቱ ዞረ። ያ ጎረቤት የግራዝማችን ታሪክ ከአጎቴ አፍ መቶ ጊዜ ሰምቷል፣ መሬትም ለሱ ይገባው ነበር። ቆቡን አውልቆ አገላበጠና «እኔም አላውቅ» አለ። በቃ፣ ይህን ብሎ ተቀመጠ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ግራዝማችን አንሥቶ አያውቅም። እኛ ቤት ጨዋ ሲባል የሚነሣው ስም ግን የዚያ ጎረቤት ነው፤ አጎቴ ፊት እንኳ።

ደላላው

ምስክር ዋሸ ብዬ ልከራከር አስቤ ተውኩት።

የጎንጅ ቆሎ ተማሪ

እኔ የምታዘበው ተረቶቻችንን ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» እንላለን። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እንላለን። «እሳት አመድ ይወልዳል»ም እንላለን። እንደ ጉዳያችን ነው የምንመዛቸው፤ ልጁ ሲያምርለት ዘሩ ስቦት ነው፣ ሲበላሽ ሆዱ ዥንጉርጉር ሆኖ ነው። ዘሩ መቼም አይከሰስም።

ከዚህ ሁሉ ቃል ማንም ያላነሣው «አሳዳጊ ያልበደለው» የሚለውን ነው። ሰው መንገድ ላይ ለሽማግሌ ሲነሣ፣ የወደቀ ዕቃ ሲያነሣ አይተን የምንለው እኮ እሱን ነው። ተገላቢጦሹም «አሳዳጊ የበደለው» ነው፣ ወይም በአጭሩ «ስድ»። ይህ አነጋገር አባቱ ማን ነው አይልም። አሳዳጊዋ እንጀራ እናት ልትሆን ትችላለች፣ አክስት፣ የኔታ፣ ጎረቤት። ምስጋናውም ወቀሳውም ለደከመው ሰው ነው የሚሄደው። ዘጌ፣ ይቺ ያንተን «ግን» ታልፍ ይሆን?

የዘጌ ቡና

ለመንገድ ታልፋለች። ለሠርግ እንጃ።

ደርባባ

ለሴትም ብትሆን ትሻላለች። «አሳዳጊ ያልበደላት» ሲሉኝ ቢያንስ ምስጋናው ለእናቴ ግልምጫ ነው፤ ጨዋ ሲሉኝ ግን ዝም ላልኩት ዝምታ ነበር።

አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የማላውቀው ቤት ልጅ አልሰጥም ብለዋል። ርስት ተረትቶ ጠላ የጠጣው ሰው፣ እርስዎ ያላወቁት ቤት ልጅ ቢሆን ኖሮስ? ይሰጡት ነበር?

አያ ዳሞቴ

ከባድ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ። እሱን ቤት ማን አጣርቶት ያውቃል ብዬ አሁን ነው ያሰብኩት። ሲቆጥር አልሰማሁትም፤ ተረታ ያልኳችሁ እኮ ቆጥሮ መድረስ ስላልቻለ ነው። ሴት ልጁ ግን ለወንድሜ ልጅ ተድራ ነበር፣ ጥሩ ትዳር ነው፣ እስካሁን አሉ። ያኔ የወንድሜ ልጅ በሁለተኛ ትዳሩ ስለነበር ብዙም ያጣራ የለም።

ቡሬ በር

አያ ተያዙ!

ስለ «ክቡር» ግን ማንም አላወራም፣ መምህር የጀመረው በሱ ሆኖ። እኔ ልጨርሰው። ክቡር ሚኒስትር አለ፣ የክብር ዶክተር አለ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን አለ፤ ዝናብ የማይመታው ወንበር ማለት ነው። መምህርነትም «ክቡር ሙያ» ይባላል፤ ደመወዙን መምህር ይንገራችሁ።

የማርቆስ ኬሚስት

ደመወዙም እንደ አርጎን ነው፤ በአየር ላይ አንድ በመቶ ገደማ አለ ይባላል፣ ማንም አይቶት አያውቅም።

ቡሬ በር

እኔ ክቡር የምባለው የሠርግ ካርድ ሲመጣ ብቻ ነው። «ክቡር አቶ...» ብሎ ይጀምራል፣ ታች ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። በዚህ ወር ብቻ ሦስቴ ክቡር ሆኛለሁ፤ አንድ የጥር ሠርግ ደግሞ ገና መንገድ ላይ ነው። ዘጌ፣ የእህትህ ካርድ ሲታተም ላክልኝ፤ በተለይ የአያቷ እናት ከየት እንደነበረች ለጠየቀው ሰውዬ ካርድ ከላካችሁለት፣ እኔም አጠገቡ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

የዘጌ ቡና

ተልኮለታል። ክቡር ተብሏል።